እንዳትመጣ የተላከላት ሳህን

ስድስት ዓመት ሆኗት ገና አፏን ያልፈታችውን ልጄን ታቅፌ ከጳውሎስ ውይይት ታክሲ ተሳፈርኩ። ፊት ለፊቴ የማላውቃቸው ሁለት ሴቶች ስለ ትልቋ ሴትዮ የልጅ ልጅ ክርስትና ያወራሉ።

«ያቺ አዲሷ ተከራይ ጎረቤትዎ አልመጣችም እንዴ፣ እትዬ?»

«ድግሱ ሳይጀመር በሳህን ላክንላት።»

«ለምን?»

«እንዳትመጣ ነዋ። ልጇ ዲዳ ናት፤ ደስ ሲላት ትጮኻለች።»

«ሕፃን አይደለች?»

«እንግዳው ምን ይላል? እኛ ቤት እንደ ሰው ነው የሚኖረው። ዘንድሮ ደግሞ ከሰው ተለይቶ መታየት ምን እንደሚያመጣ ታውቂያለሽ። የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይቀር ተጠርቶ ነበር።»

«ገብቷት ይሆን?»

«እንጃ። በማግስቱ ሳህኑን አጥባ፣ አምስት እንቁላል አድርጋበት መለሰችልን። ይዛ የመጣችው ልጅቷ ናት።»

«እንቁላሉን በላችሁት?»

«እሷ የነካችውን? ለውሻው ሰጠነው።»

«ኧረ እትዬ።»

«አንቺም ስትወልጂ ይገባሻል።»

ታክሲው ቁልቁለቱን ሲይዝ ልጄ እንደ ልማዷ በደስታ ልትጮኽ አፏን ስትከፍት፣ በነጠላዬ ሸፈንኩት።