ደቦ የጠሩት እንግዳ

ጌታነሽ፣ ነይ እዚህ ጥግ ተቀመጪ፣ ነፋሱ አያገኝሽም። ባቄላሽ እንዴት ነው? ውርጩ አልመታውም? የኛው እንኳ ተርፏል፣ ተመስገን። የዛሬው የሰንበቴ ጠላ ደግሞ እንዴት ያለ ነው! የብርነሽ እጅ ነው አይደል? ያዢ እስቲ፣ ዳቦውንም ቆረስ አድርጊ።

እንግዳችንን አየሻቸው? ከካህናቱ ጎን የተቀመጡትን። ከአዲስ አበባ ድረስ ለቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ጭኖ የሚመጣ ስንት ሰው አለ? ጨርቁን በእጄ ነካሁት፣ ውፍረቱ… ስንቱን ይጋርዳል መሰለሽ! የዚሁ አገር ልጅ ናቸው እኮ፤ አድገው ትልቅ የኮምፒዩተር ድርጅት ከፍተዋል አሉ። የኔ ወሬ ግን ስለ እሳቸው አይደለም። ምን በወጣኝ፣ በሰንበት እንግዳ የማማ! እኔ የማጫውትሽ ስለ ልጄ ስለ ሳሌም አለቃ ነው። አንድ ሰው ናቸው ብትዪኝ… እኔ ምን አውቄ?

መቼም ሳሌምን ታውቂያታለሽ። በስልክ ለሚሠራው ነገር ሁሉ ፕሮግራም ትጽፋለች። መጀመሪያ የገባች ጊዜ ሥራዋን ስታወራ ዓይኗ ይበራ ነበር፤ አንዷ ቃል ባትገባኝም ደስታዋን አይቼ አብሬያት እስቅ ነበር። አለቃዋ ደግሞ ደግነታቸው! ሠራተኛ ብለው አይጠሯቸውም፣ «ቤተሰብ ነን» ነው የሚሏቸው። ቤተሰብ ደግሞ ደመወዝ ይጠያየቃል እንዴ? ነውር አይደለም?

አንዴ «ደመወዝ ይጨመርልኝ» ብትላቸው ማዕረግ ጨመሩላት። ሲኒየር ተባለች! እኔም እልል ብዬ ስንታየሁ ሱቅ ሄድኩና «ልጄ ሲኒየር ሆናለች፣ አንድ ሊትር ዘይት ቅዳልኝ» አልኩት። ስንታየሁ ያው አልተማረም፣ ማዕረግ አይገባውም… ባዶ ጀሪካኔን ይዤ ተመለስኩ። የድርጅቱ ስም የተጻፈበት ካናቴራም ሸልመዋታል፤ ባለቤቴ ጌጡ ለአጨዳ ይለብሰዋል፣ ላብ ይመጥጣል ብሎ አመስግኗቸዋል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይባል የለ? የኛይቱ ላምስ እዚሁ ምድር ላይ ናት፣ አላቢዋ ነው ሌላ።

የእንቅልፉን ነገርማ ምን ልንገርሽ… አዛኝ ስለሆኑ ነው እንጂ፣ ልጆቹ ክፉ ሕልም እንዳያዩ ብለው አያስተኟቸውም። ሲስተም የሚሉት ነገር አለ፤ ወደቀ ተብሎ ይደወላል፣ ሳሌም ካለችበት ተነሥታ ታቃናዋለች። እሱም አወዳደቁን ያውቅበታል! ቅዳሴ ሲገባ፣ ፋሲካ ሊፈሰክ ሲል ነው የሚወድቀው። ምን ታደርጊዋለሽ? እግዜር እንኳ በሰባተኛው ቀን ያረፈው… አይቆጣኝና… እንደ እሳቸው ያለ አለቃ ስለሌለው ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ብልሃታቸው ነው። ቅዳሜና እሑድ ሲጠሯቸው ምን ይሏቸዋል መሰለሽ? «ይሄ ደቦ ነው፣ የመንዝ ልጅ ደቦ ያውቃል!» አቤት አንደበት! የከተማ ልጆቹ «የትርፍ ሰዓታችንስ?» ይላሉ፤ የኛዎቹ፣ ሳሌምና እዚያው የሚሠራው የጎረቤታችን ልጅ ወንድምአገኝ፣ ያደጉት ደቦ ላይ ነው። በደቦ ዋጋ ጠይቆ የሚያውቅ ማን አለ? አፍረው በጠላው ፈንታ ፒዛ እየቀረበላቸው በየሳምንቱ ይወጡላቸዋል። እኔ የማውቀው ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ነበር፤ ዘንድሮ ድሩን የሚያስተባብረው ራሱ አንበሳው ሆነልሽ።

በቀደም ልጄ ወደ ቤት መጣች። ጌታነሽ… ስልክ በጮኸ ቁጥር ከመቀመጫዋ ዘላ ትነሣለች። ያን የምትወደውን ኮምፒዩተር ገና ስታየው ፊቷን ታዞራለች። «እማ፣ ደክሞኝ አይደለም፣ አልቄ ነው» አለችኝ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። የጓሳ ግጦሻችን እንኳ ሣሩ እንዲያገግም ተብሎ ዓመታት ይዘጋል፣ ጠባቂ ቆሞለት። የሰው ልጅ ከሣር ያንሳል? እንዴት ያናድዳል! … ተይኝ እስቲ፣ ምስጋናዬን ላበላሸው ነው።

ዛሬ ማለዳ የአለቃዋ መኪና በራችን ላይ ስትቆም ግን ደስታዬን ብታይው! ገብሳችን ደርሷል፣ ማክሰኞ ለአጨዳ ደቦ ጠርተናል። «አይ ያገር ልጅ! ስንቱን ቅዳሜ የወጣችላቸውን ሊመልሱ ማጭድ ይዘው መጡ» ብዬ ወደ መኪናዋ ሮጥኩ። በመስኮት አየሁ፣ ማጭድ የለም። በኋላ በኩል አየሁ፣ የለም። ለካ ሳሌምን ሊወስዷት ኖሯል! «እንደ ቤተሰብ ናፍቃናለች» አሉኝ።

ሳሌም ራሷ ወጥታ ቁርጡን ነገረቻቸው። «አልመለስም። ደቦ የጠራ ሰው በተራው ይወጣል። ማክሰኞ ይውጡልን፣ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን» አለቻቸው። እኔ ቆሜ ከመስማት በቀር አንድ ቃል አልወጣኝም፣ ጌጡን ጠይቂው። ለወንድምአገኝም ደውላ አጫወተችው፤ እሱም «ዛሬ ሰንበት ነው» ብሎ ስልኩን ዘግቶ ቅዳሴ ገብቷል አሉ።

ውይ፣ የማን ስልክ ነው እንዲህ የሚጮኸው? የእንግዳችን? ሲስተሙ ወድቆ እንዳይሆን! ምነው፣ ገና ዳቦውን እንኳ ሳይጨርሱ… ማን ያነሣላቸው ይሆን ዛሬ? አየሽ፣ ተነሡ። ቀስ ይበሉ በያቸው፣ መንገዱ ኮረኮንች ነው። ለምን ትቆነጥጪኛለሽ? ስመርቃቸው ቢሰሙኝ ምን አለበት?

እኔ መቼም ክፉ አልመኝላቸውም። መንገዱን ጨርቅ ያድርግላቸው፣ ሀብታቸውን ያብዛላቸው፣ አሜን በይ። ቅድም ለቄስ ገብረ ክርስቶስ ሲያጫውቱ ሰማኋቸው፣ ትንሿ ልጃቸው ከአሁኑ ከኮምፒዩተር አትላቀቅም፤ «ሳድግ ፕሮግራም ጸሐፊ እሆናለሁ» ትላለች አሉ። የኔ ጌታ፣ ስለ እሷ ሲያወሩ እንዴት እንደሚሳሱላት! ያሳድግላቸው። ለወግ ለማዕረግ ያብቃላቸው። ተምራ ሥራ በያዘች ዕለት ደግሞ፣ ጌታ ሆይ፣ ልክ እንደ አባቷ ያለ አለቃ ስጣት።