የአስካለ ትንፋሽ

ደብረ ብርሃን፤ ከሰዓት በኋላ፤ ቤታቸውን የሚያሳድሱት አቶ ቢተውና የከተማው የግንባታ ተቆጣጣሪ ማስተዋል፣ ጓዳ ባለው መኝታ ክፍል፣ በተዘጋ መስኮት ፊት።

ቢተው፦ ኮርኒሱ ውስጥ የብርድ መከላከያ ሙላ አላችሁኝ፣ ሞላሁ። ድርብ መስታወት አላችሁኝ፣ አዘዝኩ። ግድግዳዬን መብሳት ግን የለም።

ማስተዋል፦ አንዲት የአየር መውጫ እኮ ናት አባባ፤ ከጣሪያው ሥር። አዲሱ ደንብ ያለ እሷ መኝታ ቤት አይፈቅድም።

ቢተው፦ ሙቀት እንዳይወጣ ብላችሁ ታስደፍናላችሁ፤ ደግሞ መልሳችሁ ትበሳላችሁ። ምን ዓይነት ደንብ ነው እሱ?

ማስተዋል፦ ቤት በደንብ ሲደፈን አፋኙ ጢስም አብሮ ይቀራል። ብርድ እናስቀራለን ብለን ሰው እንዳናስቀር ነው።

ቢተው፦ ጢስ መውጫ አያጣም ሲባል አልሰማሽም?

ማስተዋል፦ የከሰል ሲሆን ያጣል። አይታይ፣ አይሸት፤ ከተኛው ሰው ጋር አብሮ ይተኛል። ይህንን ለእርስዎ መንገሬ… ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ቢተው፦ ነገሩሽ?

ማስተዋል፦ ግንበኛው። ባለቤትዎ እማማ አስካለ እዚህ ክፍል እንዳረፉ።

ቢተው፦ እኔ ገጠር ለቅሶ ሄጄ ነበር። ብርዱ ጠናባትና ማንደጃውን አስገብታ ዘጋች። ስመለስ ፊቷ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ፊት ነበር።

ማስተዋል፦ መቀርቀሪያው ዝጓል። መስኮቱ ከዚያ ወዲህ አልተከፈተም?

ቢተው፦ አልተከፈተም። በሩንም ገርበብ አድርጌ ሹልክ ነው የምለው።

ማስተዋል፦ ለምን?

ቢተው፦ ትንፋሿ እዚህ ነዋ። የመጨረሻው። ስገባ እዚያ ጥግ ላይ «እፎይ» ትላለች፤ ከገበያ ሸክም ይዛ እንደገባች ሁሉ። አብዷል በይ።

ማስተዋል፦ አልልም።

ቢተው፦ ልጆቼ ይላሉ።

ማስተዋል፦ ቅድም ስንገባ እኔም የሰማሁ መሰለኝ። ነፋስ ነው እንዳልል መስኮቱ ዝግ ነው።

ቢተው፦ እንግዲያ ሰምተሽ እንዴት ትፈርጂብኛለሽ? ከገዛ ቤቷ ላስወጣት?

ማስተዋል፦ ክፍሉ ሲያልቅ ማን ሊተኛበት ነው?

ቢተው፦ ልጃችን የምሥራች። ለመውለድ እየመጣች ነው። ከእናቴ ክፍል ሌላ አልተኛም ብላለች።

ማስተዋል፦ በደብረ ብርሃን ብርድ አራስ ያለ እሳት ታድራለች?

ቢተው፦ እሳትማ ያስፈልጋታል።

ማስተዋል፦ ሕፃኑ ገላውን ሲታጠብ ከሰል ይገባል። አንዷ ዘመድ ደግሞ፣ ለክፉ ሳይሆን፣ ብርድ እንዳይመታቸው ብላ በሩን ትዘጋለች።

ቢተው፦ ተይ፣ ልጄ።

ማስተዋል፦ እማማ አስካለ ቢኖሩ ምን ይሉ ነበር?

ቢተው፦ ትቆጣኝ ነበር። «የልጄን ልጅ በእኔ ትንፋሽ ልታፍነው ነው ወይ?» ትለኝ ነበር።

ማስተዋል፦ ግንበኛውን ልጥራው?

ቢተው፦ ቆይ። መጀመሪያ መስኮቱ ይከፈት። አስካለ በግድግዳ ቀዳዳ እንደ ሌባ አትወጣም።

ማስተዋል፦ ይሁን።

ቢተው፦ ውጪ ነፋሱ ወዴት ይነፍሳል?

ማስተዋል፦ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ።

ቢተው፦ መቃብሯም እዚያው ነው። ተይ፣ አንቺ አትንኪው፤ መቀርቀሪያውን እኔ እስበዋለሁ።