አውራ ዶሮውና የወጌሻው ማሰሪያ

ነርሷ ፍሬሰላም ከሥራዋ ስትመለስ የቁስቋምን ዳገት ጨርሳ ትንፋሿን ልትሰበስብ ቆም ብትል፣ እንዳጋጣሚ ከአያ ወርቅአፈራሁ ደጃፍ ላይ ነበረች። ሽማግሌው ወጌሻ አውራ ዶሯቸውን ታቅፈው ደንጊያ ላይ ተቀምጠዋል።

«ደህና ዋሉ አያ? ዶሮውን ምን አገኘው?»

«እግዜር ይመስገን። ባጃጅ ነዋ! ሰው መግጨቱ አልበቃ ብሏቸው ወደ ዶሮ ዞረዋል። ትናንት እግሩን ሰብረውት፣ ለሰው እንደማደርገው ቀርከሃ ደርድሬ በጠፍር ጥፍር አድርጌ አሰርኩት።»

ለዚህ ዶሮ ይሳሳሉ። ሟች ባለቤታቸው ወይዘሮ የትነበርሽ ከጫጩትነቱ ያሳደጉት ነው፤ በዚያ ቤት ከእሳቸው ሌላ ድምፅ ያለው እሱ ብቻ ነው። ፍሬሰላም ጎንበስ ብላ ጣቶቹን ዳሰሰች።

«አያ፣ ጣቶቹ እኮ ቀዝቅዘዋል። ይፍቱለት።»

«ምነው ልጄ! ሠላሳ ዓመት አጥንት ጠግኛለሁ። ካልጠበቀ አጥንት አይገጥምም።»

«እጅዎ ወርቅ ነው፤ ማን ይክዳል? አጥንቱንም ሸጋ አድርገው አቅንተውታል። ግን ስብራት ከታሰረ በኋላም ያብጣል። ጠዋት ልክ የነበረው ማሰሪያ ማታ ያንቃል፤ ደም መንገድ ያጣና ሥጋው ይሞታል።»

«ተይ እንጂ! የእንዳልካቸውን ክንድ ማን ቆረጠው? እናንተው ሐኪሞቹ አይደላችሁም?»

እንዳልካቸው ግንበኛ ነበር። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ከመወጣጫ ወድቆ ክንዱ ሲሰበር ያሰሩለት አያ ወርቅአፈራሁ ናቸው። በሳምንቱ ክንዱ ጠቁሮ ሸተተ፤ ሆስፒታል ተቆረጠ። ሰፈሩ «ምች ነው» አለ፤ እሳቸውም «ምች ነው» አሉ። ሰው ራሱን የሚያሳርፍበት ምክንያት መቼ አጥቶ ያውቃል!

«የቆረጡት የሞተ ክንድ ነው አያ። የገደለውን ከጠየቁኝማ...» ቃሏን ዋጠችው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ክርክሩ ይቅር። አንድ ጊዜ ፈተው እንየው። ተሳስቼ እንደሆነ መልሰው ያስሩታል።»

እያጉረመረሙ ፈቱት። ጠፍሩ ሥጋው ውስጥ ሰርጉዶ ገብቷል። ከእሱ በታች ያለው እግር አብጦ ጠቁሯል፤ ጣቱን ቢቆነጥጡትም ዶሮው አልተንፈራገጠም። አያ ወርቅአፈራሁ ያንን ጥቁረት ያውቁታል። እንዳልካቸው በማግስቱ መጥቶ ምን ብሎ ነበር? «አያ፣ ጣቶቼ በረዱብኝ፤ ትንሽ ያላሉልኝ።» እሳቸውስ? «ወንድ አይደለህ? ቻለው!»

ከደንጊያው ብድግ አሉ።

«ወይኔ! ዛሬ ጠዋት የምስጢርን ልጅ አስሬያለሁ! የፀደይን እጅ!»

ሁለት አጥር አልፈው ደረሱ። የሰባት ዓመቷ ፀደይ መደብ ላይ ተኝታለች። እናቷ ምስጢር በደስታ ተቀበለቻቸው።

«እጅዎን ይባርከው አያ! ቅድም ስትጮህ ነበር፤ አሁን ሕመሙ ለቀቃት መሰለኝ፣ ማልቀሷን ተወች።»

ፍሬሰላም የልጅቷን ጥፍር ተጫን አድርጋ ለቀቀችው፤ ነጥቶ ቀረ እንጂ ቀለሙ አልተመለሰም። ሽማግሌው ጠፍሩን በጩቤ በጠሱት። ፀደይ ያን ጊዜ ጮኸች፤ የዚያን ዕለት የልጅ ጩኸት እንደ ምሥራች ተሰማቸው። በባጃጅ ሆስፒታል አደረሷት። እጇ ተረፈ፤ ትንሿ ጣቷ ግን እንደታጠፈች ቀረች።

ዶሮውን ፍሬሰላም እንዳስተማረቻቸው አስታመሙት። ካርቶን ውስጥ ጭድ አንጥፈው አስተኙት፤ ቁስሉን ፈልቶ ለብ ባለ የጨው ውኃ አጠቡ፤ ከቀርከሃው ሥር ንጹሕ ጨርቅ አድርገው አላልተው አሰሩ፤ ጠዋትና ማታ ጣቶቹን ዳሰሱ። ሁለት ጣቶቹ ደርቀው ወደቁ። በአምስተኛው ሳምንት እያነከሰ ወጥቶ ጮኸ።

በዚያው ቀን አያ ወርቅአፈራሁ እንዳልካቸው ቤት ሄዱ።

«ምች አልነበረም ልጄ። ክንድህን የበላሁት እኔ ነኝ።»

እንዳልካቸው በአንድ እጁ በርጩማ አቀረበላቸው።

«አውቃለሁ። ያኔውኑ ሐኪሙ ነግሮኛል።»

«ምነው ታዲያ ዝም አልክ?»

«ተናግሬ ነበር አያ። ሰፈሩ በእርስዎ እየማለ ማን ይስማኝ? ፀደይም እኮ እዚሁ ሰፈር ናት፤ እናቷ ግን የእኔን እያወቀች ወደ እርስዎ ወሰደቻት። ይቅርታውን ሌላ ቀን እናወራዋለን። አሁን ከእኔ ይልቅ እርስዎን የሚሰማ ይበዛልና ለሰፈሩ ሰዎች እርስዎ ይንገሯቸው።»

እሑድ ቅዳሴ እንዳበቃ ሽማግሌው በቁስቋም ቅጥር ደጃፍ ቆሙ።

«ወገኖቼ፣ የተሰበረ ሰው ካላችሁ አስቀድማችሁ ሐኪም አሳዩት። ታስሮ ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይ ከደነዘዘ ሌሊትም ቢሆን ፈታችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ። የታሰረ ልጅ ድንገት ማልቀሱን ከተወ ‹ተሻለው› አትበሉ። ይህን ብትሰሙ ልጆቻችሁ በሁለት እጃቸው ያርሳሉ፣ ይጽፋሉ፣ ይፈትላሉ። እኔ ዘግይቼ ሰማሁ፤ የዘገየሁበትን ዋጋ ግን ሌላ ሰው ከፈለው።»

እንዳልካቸው ባዶ እጅጌውን መታጠቂያው ውስጥ ሸጉጦ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። ሕዝቡም በተራ በተራ እሱን እያየ ወደ ቤቱ ገባ።