ቀይ ሻሽ

ደሴ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ጭንቅላቷ ውስጥ በድንገት ደም ፈስሶ ከዓይኗ በቀር መላ ሰውነቷ አልታዘዝ ያላት ሜላት እቤት አልጋ ላይ ናት፤ ታላቅ እህቷ አዜብ የፊደል ገበታ ላይ ጣቷን ስታስኬድ ሜላት የምትፈልገው ፊደል ላይ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ቃሏም እንዲህ ይወጣል።

አዜብ፦ ስንቴ ልንገርሽ? አባባ ወልዲያ ነው። የመሬቱ ጉዳይ አላለቀለትም።

ሜላት፦ ደውዪለት።

አዜብ፦ እዚያ ኔትወርክ የለም።

ሜላት፦ ወልዲያ?

አዜብ፦ ከወልዲያ ወጣ ብሎ ነው! ምን እንደ መርማሪ ታፋጥጪኛለሽ? ይልቅ ወደ መስኮቱ ላዙርሽ፤ ጣራ ማየት አይሰለችሽም?

ሜላት፦ መልሺልኝ። ሬዲ…

አዜብ፦ ሬዲዮ? ልክፈትልሽ?

ሜላት፦ ቃሌን አትጨርሺልኝ። ሬዲዮው ለምን ተዘጋ?

አዜብ፦ ባትሪው አልቋል።

ሜላት፦ የእማዬ ድምፅስ?

አዜብ፦ ጉንፋን ነው የዘጋት።

ሜላት፦ እሷም ባትሪ ጨረሰች?

አዜብ፦ አቤት! ምላስሽ ቢታሰር ነገርሽ አልታሰረም።

ሜላት፦ ቀይ ሻሽ ትጠዪ ነበር።

አዜብ፦ ሰው ይለወጣል።

ሜላት፦ አውልቂው።

አዜብ፦ ፀጉሬ አልተሠራም፤ ትስቂብኛለሽ።

ሜላት፦ በምኔ? አውልቂው።

አዜብ፦ በቃ! የዛሬው ወሬ አለቀ። ገበታውን አስቀምጠዋለሁ።

ሜላት፦ አፌን ልትወስጂ?

አዜብ፦ እንዲህ አትበዪኝ። ሐኪሙ እንዳትረበሽ ብሏል። ደግሞ ለታመመ ሰው…

ሜላት፦ መርዶ አይነገርም?

አዜብ፦ ማን ነገረሽ?

ሜላት፦ ጠያቂዎቹ። «አትሰማም» ብለው። አጠገቤ።

አዜብ፦ እነዚህ ምላሳሞች! ጥቁራቸውን በር ላይ እያስወለቅኩ የማስገባቸው ለዚህ ነው?

ሜላት፦ እንዴት ሞተ?

አዜብ፦ ልቡ ነው። እንቅልፉ ላይ፣ እዚያ ማዶ ክፍል። ሜሊዬ፣ እኛ እኮ ስትድኚ ልንነግርሽ ነበር።

ሜላት፦ ስድን?

አዜብ፦ ምን ላድርግ ታዲያ? መጮህ አትችዪ፣ ደረትሽን መምታት አትችዪ። ስታለቅሺ ትንፋሽሽ ቢያጥርስ? ይሄን ሁሉ ኀዘን የት ታደርጊዋለሽ?

ሜላት፦ ውሸታችሁን ያደረግኩበት።

አዜብ፦ ለአንቺ ብለን ነው።

ሜላት፦ እናንተ ቀበራችሁት። እኔ በሩን አያለሁ።

አዜብ፦ እሺ። እሺ በቃ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይል ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። ይኸው፣ አወለቅኩት። ተላጭቻለሁ። አሁን በቃሽ?

ሜላት፦ አልበቃኝም።

አዜብ፦ ደግሞ ምን ቀረ?

ሜላት፦ እኔንም ላጪኝ።

አዜብ፦ አብደሻል? ጠያቂዎቹ መጥተው ሲያዩሽ ምን ይላሉ?

ሜላት፦ «ትሰማለች» ይላሉ።