ለብቻ የተያዘ የዘረ-መል ቡድን

ኤልማ ታቡአይ ከታውንስቪል ወደብ ማዶ ወዳለችው ደሴት በምትሻገረው ጀልባ ስትገባ፣ ሰሞኑን ስልኳን አላነሳ ያሏት የኮራል ተመራማሪ፣ ዶክተር ሞሪስ ናዋኪ፣ መስኮት ዳር ሳንድዊች ሲገምጡ አገኘቻቸው።

“አጎቴ፣ እዚህ እንኳ መደበቂያ የለም” አለች አጠገባቸው እየተቀመጠች።

“መጣሽ ደግሞ! ያንኑ ልትለምኚ?”

“ያንኑ።”

“ያንኑ” የተባለው ባሕር ሲሞቅ በኮራል፣ በዚያ ድንጋይ መሳይ የባሕር እንስሳ፣ ውስጥ አብረው የሚነቁ ዘረ-መሎች ቡድን ነው። ኤልማ በሚቀጥለው ሳምንት ሙቀት የሚችሉትን ኮራሎች መርጣ መትከል አለባት። የሺህ ዘረ-መሎች የመንቃት ልኬት በእጇ ነው፤ የትኞቹን አንድ ላይ እንደምታይ ካላወቀች ግን ልኬቱ ትርጉም የሌለው የቁጥር ክምር ብቻ ነው። ሽማግሌው ለይተው ያውቃሉ፤ ለማንም አያሳዩም።

“ሻርክ እየፈራሁ ጠልቄ ያገኘሁትን ለሰነፍ ልበትን? የፈለገ ይጥለቅ።”

“የባሕር ኤሊ አድነው ሲይዙ ብቻዎን ይበላሉ?”

“ለዘመድ አካፍላለሁ እንጂ። ይሄ ሥጋ አይደለም።”

“እኮ! ሥጋው ሲካፈሉት ያልቃል። ይሄን ሺህ ሰው ቢወስደው ምን ይጎድልብዎታል?”

“ስሜ።”

“ስምዎ ከላዩ ይሰፍራል። ሰው ያላየውን ሥራ ግን ማን ያመሰግንዎታል?”

“ምላስሽ የእናትሽ ነው” አሉ ኮምፒውተራቸውን እየከፈቱ። “እንቺ፣ እዚሁ ሞክሪው። መገልበጥ ግን የለም።”

ቡድኑን በኤልማ ልኬት ላይ ሞከሩት። ግማሹ ነቃ፤ ግማሹ እንደተኛ ቀረ።

“ልኬትሽ ተበላሽቷል።”

“ኮራሉን እንዴት ነው የሚያሞቁት፣ አጎቴ?”

“ቆርጬ ወዲያው ሙቅ ገንዳ ውስጥ እከተዋለሁ። ከዚያ ባሕር ውስጥ ከቀረው ጋር አነጻጽራለሁ።”

“እኔ የተቆረጠበት እስኪድን ጠብቄ ነው ያሞቅኩት።”

ዶክተሩ ሳንድዊቻቸውን አስቀመጡ። በኤልማ የዳነ ኮራል ላይ የተኛው ግማሽ በሙቀት ሳይሆን በመቆረጡ ቁስል የሚነቃ ነበር።

“በዚህ ብትመርጪ ኖሮ...”

“ሙቀት የሚችለውን ትቼ ቁስሉ ቶሎ የሚድነውን እተክል ነበር።”

“ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ሰው እንዴት አይነግረኝም?”

“ማን አይቶት?”

ሽማግሌው ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞሩ። ጀልባዋ ሳትደርስ “ገልብጪው” አሏት።

በሳምንቱ ሽማግሌው ቡድኑን ለሁለት ከፍለው፣ ኮራሉ እንዴት እንደተቆረጠ ጽፈውበት፣ ማንም በሚያገኝበት የጋራ ማኅደር አኖሩት። ኤልማ በሙቀቱ ቡድን መርጣ ተከለች። እንደ ትርፍ የታየውን የቁስሉን ቡድን ደግሞ ማዕበል የሰባበረውን ኮራል የምታጠና የሱቫ ከተማ ተመራማሪ ወስዳ፣ ስማቸውን ጠቅሳ አመሰገነች። ተደብቆ ቢቀር ስሕተቱም አይታረም፣ ትርፉም ለሰው አይተርፍም ነበር።

አሁን ደዋዩ እሳቸው ናቸው። “አንቺ ያገኘሽውስ ቡድን መቼ ነው ማኅደሩ ውስጥ የሚገባው?” ይላሉ፤ ኤልማም አንዳንዴ ስልኩን አታነሳም።