የዘጠኝ ሰዓቱ ቀጠሮ

እስቲ ያፈርሁበትን ልንገራችሁ። በፕሮግራመሮች የቴሌግራም ግሩፓችን ጀማሪ ሁሉ «ሰዓቱ ለምን ይዛባብኛል?» ብሎ ይጠይቃል፤ «መጀመሪያ አንብብ» እያልሁ የማሾፈው ደግሞ እኔ ነኝ። በቀደም፣ ላሊበላ ለሚገኝ አንድ ክሊኒክ የሠራሁት የክትባት ቀጠሮ አስታዋሽ ሥራ የጀመረ ቀን፣ ላየው ሄድሁ። ጠዋቱን ሙሉ አንድም እናት ሳትመጣ የዕለቱ የክትባት ሥራ ተዘጋ። ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ልጇን አዝላ፣ ዳገቱን ወጥታ እያለከለከች ከተፍ አለች። ነርሷ አፏን ሳትከፍት እኔ ቀደምሁና «ቀጠሮሽ እኮ ሦስት ሰዓት ነበር! መልእክት አልደረሰሽም?» ብዬ ተቆጣኋት።

«ደርሶኛል» ብላ ስልኳን አቀበለችኝ። «ዛሬ በ9:00 ሰዓት ልጅዎን ያስከትቡ» ይላል። ቀና ብዬ የግድግዳውን ሰዓት ሳይ ልክ ዘጠኝ ሆኗል። ለካ ኮምፒውተሩ የያዘውን የፈረንጅ ሰዓት ወደ እኛ ሳልመልስ ነው የላክሁት። የላስታ ልጅ ሆኜ!

«እሱ... የፈረንጅ ሰዓት ነው» አልሁ። አልተቆጣችም። ነርሷ «በቃ ነገ በሦስት ሰዓት ነይ» ስትላት ልጇን አስተካክላ አዘለችና ወደ እኔ ዞረች።

«ወንድም ዓለም፣ በእናንተ ነው በእኛ?»