ድኩላውን ማን ይረድ?

በጣሊያን ጊዜ ነው። አማርኛ የሚሰባብር አንድ መኮንን ቡታጅራ አጠገብ አውሬ አሳዩኝ ብሎ እኔንና ጎረቤቴን ገብሬን ጫካ ይዞን ወጣ። ጫካው ውስጥ አርበኞች አሉ፤ አንድ ጥይት ከጮኸ መሃል የምንገባው እኛ ነን። አንዲት ሚዳቋ አይቶ አለፋት። ድኩላ ሲያይ ግን ጠመንጃውን አነሳና፣ "ሥጋው ለእናንተ!" አለን። ገብሬን በዓይኔ ጠቀስኩት።

"ቢስሚላሂ ብዬ እኔ ካላረድኩት አልነካውም!" ብዬ ጮህኩ።

"አንተ ካረድከውማ እኔ አልቀምሰውም!" አለ ገብሬ፣ ከእኔ ብሶ።

መኮንኑ ሊያስታርቀን ሲዞር ድኩላው ጩኸታችንን ሰምቶ እብስ አለ። ቆይቶ ሣሩ ውስጥ ያየው ቦሆር የሚባል ድኩላ መሰል አውሬም በዚሁ ጭቅጭቃችን አመለጠው።

ስንመለስ ገብሬ ቤት ገብተን ቆጮ በጎመን ከአንድ ገበታ በላን። ጎመኑን ማን እንዳረደው የጠየቀ የለም።